በድሩ እና የአባቱ ስም

በድሩን መቀሌ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ ድረ ገጽ በመሥራትና ሰው በመምታት። ሁለቱንም ማንም አላስተማረውም ይባላል። ድረ ገጹን በተመለከተ እውነት ነው፤ ለዚህ ሙያ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም። ዱላውን ግን አባቱ ናቸው ያስተማሩት፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በጭነት ገመድ። ስለዚህ የሱን ነገር የሚያወራ ሰው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከገመዱ መጀመር አለበት። የመጨረሻው ጥያቄ ከአባቱ ጋር ታረቀ ወይስ አልታረቀም የሚለው ነውና።

አባቱ አብዱልወዱድ በሽር በ1986 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከወረባቦ ተነሥተው፣ ባለቤታቸውን ዘኪያንና የሰባት ዓመቱን በድሩን አስከትለው መቀሌ ገቡ። ያገኙት ሥራ ጨው መሸከም ነበር። ከአፋር የመጣውን አሞሌ ጨው ከግመል ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና። ጨው እንደ ሌላው ሸክም አይምሰላችሁ! ትከሻ ይልጣል፤ ልጦም አይተውም፣ በላጠው ቁስል ይገባና ሰውዬው እስኪተኛ ድረስ ያንገበግበዋል። አብዱልወዱድ ያንን ንዴት ይዘው ነው ቤት የሚገቡት፤ የሚያራግፉትም በድሩ ላይ ነው። ልጁ ውሃ ከደፋ ገመድ፣ ካረፈደ ገመድ፣ ዝም ካለ ደግሞ "ምን እየዶለተ ነው ይሄ?" ብለው ገመድ። ዘኪያ በሕይወት ሳለች መሀል ገብታ እጃቸውን ትይዝ ነበር። በ1989 እኅቱን ኢኽላስን ስትገላገል በዚያው አረፈችና እጅ የሚይዝ ጠፋ።

በ1990 ግንቦት ላይ ከተማዋ ከአየር ስትደበደብ በድሩ ደጅ ነበር። አብዱልወዱድ ከየት መጡ ሳይባል ማጅራቱን ጨምድደው የጨው ክምር ሥር ወረወሩትና ላዩ ላይ ተኙበት። ምድሩ ተናወጠ፤ አቧራው አፍ ሞላ፤ ሰፈሩ በጩኸት ተቀደደ። ጸጥ ሲል ተነሡና ልጃቸውን ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰሱት። ምንም እንዳልሆነ ባረጋገጡ ጊዜ በጥፊ አጮሉት። "ማን ውጣ አለህ?" አሉት። በድሩ አባቱ ይወዱት እንደሆነ ሲጠየቅ የሚናገረው ይህችን ቀን ነው፤ ጨካኝ ነበሩ ወይ ሲባልም ይህችኑ ነው።

አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም። በ1996 መጨረሻ ሓወልቲ አካባቢ ሓድጉ የሚባል ሰው በከፈተው ኢንተርኔት ቤት ፎቶ ኮፒ አንሺ ሆኖ ገባ። ሓድጉ ጯሂ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። "ኣታ በድሩ! ጣትህን ከማሽኑ አንሣ!" ይልና ከአፍታ በኋላ ራሱ ጠርቶ ያሳየዋል። አንድ ቀን ደንበኛ በሌለበት በድሩ የማውሱን ቀኝ ሲነካካ የተከፈተው ገጽ ጀርባውን አሳየው። ያ ሁሉ ሥዕል፣ ያ ሁሉ ቀለም፣ ከኋላው ፊደል ብቻ ኖሯል! ልጁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሌላ ሥራ አልሆነም።

ቤት የሚወስደው ማሽን ስለሌለው በደብተር ገለበጠው። ገጽ በገጽ፣ ምልክት በምልክት። እንግሊዝኛ ይመስላል፣ እንግሊዝኛ ግን አይደለም። ማታ ማታ እያነበነበ ያጠናዋል። አብዱልወዱድ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ቁርዓን አይደለም። የትምህርት ቤት ነገርም አይደለም። ደብተሩን ነጥቀው ገለጡት፤ የሚከፈት ምልክት፣ የሚዘጋ ምልክት፣ መሀሉ ላይ የማይነበብ ቃል።

"ያረቢ! ልጄ መተት ጀመረ!" ብለው ጮኹ። "ይሄን የጻፈልህ ጠንቋይ ማነው?"

"ሓድጉ ነው ያሳየኝ" አለ ሞኙ።

ደብተሩ እሳት ገባ። በድሩ ጀርባው እስኪደማ ተገረፈ። ይህም አልበቃ ብሎ በማግስቱ አብዱልወዱድ የገመዱን ጫፍ ቋጥረው ኢንተርኔት ቤቱ ደረሱና "ድግምተኛውን" ሓድጉን በደንበኞቹ ፊት ሁለት ጊዜ አሳረፉበት። ግንባሩ ተተረተረ፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ሦስት ቦታ ተሰፋ። በድሩ ተባረርኩ ብሎ ዕቃውን ሲሰበስብ ሓድጉ በፋሻ የተጠመጠመ ራሱን ይዞ መጣ። "ወዴት ነው?" አለው። "እኔ በዚህ ነገር ሦስት ስፌት ተሰፍቻለሁ። አሁን የግድህን ትማራታለህ!"

ተማረም። ሠርቶ እየሰበረ፣ ሰብሮ እየጠገነ ነው የተማረው። መጽሐፍ የለ፣ አስተማሪ የለ፤ ኢንተርኔቱም አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። በዚያ ዘመን በእኛ ፊደል የተጻፈ ነገር ገጽ ላይ ሲወጣ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነበር የሚታየው። በድሩ ያንን ሳጥን ፊደል ለማድረግ ስምንት ወር ታገለ። በስተመጨረሻ "መቐለ" የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሓድጉ በደስታ ጀርባውን መታው፤ በድሩ ደግሞ ዱላ ለምዶ ኖሮ ዞር ብሎ በቡጢ መለሰለት። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ለፎቶ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለብሎኬት አምራቾች፣ ለሠርግ አዳራሽ፣ አንድ በአንድ እየሠራ ስሙ ወጣ።

አባቱ ግን ሥራ መሆኑን አላመኑም። ለአብዱልወዱድ ሥራ ማለት ትከሻ የሚያቆስል ነገር ነው። ቁጭ ብሎ ጣት ማንቀሳቀስ የሰነፍ ነገር ነው እያሉ ሰፈር ውስጥ አስወሩ። በ2002 በድሩ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ የራሱን ኮምፒውተር ገጣጥሞ ቤት አስገባ። አንድ ጠዋት አብዱልወዱድ "ተነሥ፣ ሰው ጎድሎብናል፣ ዛሬ ትሸከማለህ" አሉት።

"ሥራ አለኝ" አለ ከማሽኑ ዓይኑን ሳያነሣ።

"ሥራ! ተቀምጠህ?"

ቤት ውስጥ የነበረውን የሚዛን ድንጋይ አንሥተው ስክሪኑ ላይ ለቀቁት። ደገሙት። የተሰነጠቀው መስታወት በድሩ ፊት ላይ ተረጨ። እግዚኦ! ልጁ በዚያች ቅጽበት ማን እንደሆነ ረሳ። ዘልሎ ተነሣና አባቱን አፋቸው ላይ በቡጢ መታቸው። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ አቅሙን ሁሉ አሰባስቦ፣ የወለደውን አባት! የአብዱልወዱድ የፊት ጥርስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኢኽላስ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጥጓ ላይ ሆና "ኡኡ!" ስትል ጎረቤት ደረሰ።

አብዱልወዱድ አልመለሱም። ያ ሁሉ ዘመን የመታው እጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደማቸውን ተፉና "ሳልረግምህ ውጣ" አሉት። በድሩ ወጣ።

በአገሩ ደንብ አባቱን የመታ ልጅ ሽማግሌ ይልካል፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል፤ እግር ላይ ወድቆ "አፉ በሉኝ" ይላል። አፉ ማለት የወሎ እስላም ቃል ነው፤ ይቅር በሉኝ፣ ማሩኝ ማለት ነው። አባትየው "አፉ ብዬሃለሁ" ካለ ያበቃል። ካላለ ግን ልጁ ቢጸልይ አይሰማለት፣ ቢሠራ አይባረክለት። ሽማግሌዎቹ መጡ። "አባትህ 'ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣ፣ እኔ አፉ ለማለት ዝግጁ ነኝ' ብለዋል" አሉት።

"ድንጋይ?" አለ በድሩ። "እኔ ይሄን ሁሉ የተማርኩት እኮ ሸክም ላለመሸከም ነው!"

ይሄው ነው እንግዲህ። የአባቱ ልጅ! አንዱ ካልተሸከምክ አለ፣ ሌላው አልሸከምም አለ፤ ዓመት ዓመትን ወለደ። በአንድ ከተማ እየኖሩ በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ አስፋልቱን ይሻገራል። ኢኽላስ አድጋ፣ አግብታ ከከተማው ዳር ዓይናለም ሰፈር ስትገባ በሁለቱ መሀል ተመላላሽ ሆነች። "ወንድምዬ፣ አባባ እኮ አርጅቷል" ትለዋለች። "እስቲ ይሄ የያዝኩት ሥራ ይለቅ" ይላታል። ሥራ ደግሞ መቼ ያልቃል?

ሥራው በዝቶ ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበረውም። መሥሪያ ቤት በተወዳደረ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "ዲግሪህስ?" ነው። ስለዚህ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሥራውን ይወስዳሉ፣ በድሩ በስማቸው ይሠራል። በ2007 አንዱ ባለ ዲግሪ በድሩ አራት ወር የለፋበትን የአንድ ማኅበር ገጽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ "እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ። በድሩ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ተነሣ፤ መተላለፊያውን ቀስ ብሎ ተራመደ፤ መድረኩ ላይ ወጣና የሰውዬውን አፍንጫ ሰበረው። ነጭ ሸሚዙ በአንድ ጊዜ ቀላ። "እስቲ እሱንም እኔ ነኝ የሠራሁት በል!" አለው። ፖሊስ ጣቢያ አሥራ አምስት ቀን ተኛ።

በአሥረኛው ቀን ዘበኛው ዳቦና ሻይ ይዞ መጣ። "አንድ ሽማግሌ ናቸው ያመጡልህ። ስም ብላቸው እምቢ አሉ። ፊት ጥርስ የላቸውም" አለው። በድሩ ዳቦውን አልበላም፤ አቅፎት አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዩን ለመሸከም ልቡ ቆርጧል። እግሩ ብቻ ነው እምቢ ያለው፤ ሐፍረት ነው የያዘው። ዛሬ፣ ነገ፣ ለረመዳን፣ ለዒድ ሲል አምስት ዓመት ሄደ።

በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነት መጣ። ስልክ ተቆረጠ፣ ኢንተርኔት ተቆረጠ፣ መብራት ተቆረጠ። ኢንተርኔት የሌለው ድረ ገጽ ሠሪ ጨው የጠፋበት ጨው ተሸካሚ ነው። በድሩ ግን ቁጭ አላለም። ቁስለኛ ከሚጎርፍበት አንድ ሐኪም ቤት ሄዶ "አንድ ነገር ልሥራላችሁ" አለ። ጄኔሬተር ነበራቸው። ሁለት ኮምፒውተር በገመድ አገናኘ፤ አንዱ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል፣ አንዱ ውጭ በሩ ላይ። ውስጥ ሲስተር ለተኪዳን የምትባል ነርስ የገባውን ቁስለኛ ስም፣ ክፍልና ሰዓት ትጽፋለች። በሩ ላይ በድሩ ዘመዱን ፍለጋ የመጣውን ስም ይጠይቅና ፈልጎ ያገኝለታል። ቀድሞ ሰው በየክፍሉ እየገባ ቁስለኛ ይረግጥ ነበር፤ አሁን ስሙ ገጹ ላይ ለተገኘ ሰው ቤተሰብ ብቻ በሩ ይከፈታል። ኢንተርኔት የሌለበት ድረ ገጽ! ከሠራው ሁሉ እሱን የሚያህል የኮራበት የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት "ሃይለማርያም" የሚባል ልጅ ፈልጋ ጠፋባት። በኋላ ሲታይ ነርሷ "ኃይለማርያም" ብላ ጽፋዋለች። በድሩ በራሱ ተናደደና በዚያው ቀን ሀውን፣ ሐውን፣ ኀውን ገጹ እንደ አንድ እንዲያነባቸው አደረገ። ሰውም አመሰገነው። ትግርኛ ከጉሮሮ የሚለያቸው አ እና ዐ ግን ትዝም አላሉት። ወሎ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ምን በወጣው፤ እነሱ ቤት ያለው አንድ አ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋድ መድፉ ከተማዋ ላይ መውደቅ ጀመረ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ባጃጅ በባጃጅ ላይ ተደራረበ። ሰው በጋሪ መጣ፤ ሰው በበር ሳንቃ መጣ፤ አንዱ የወንድሙን ክንድ በፌስታል ይዞ፣ ወንድሙን ደግሞ በጀርባው አዝሎ መጣ። በድሩ ጠረጴዛ ፊት ሰልፉ መንገድ ዘጋ። ቀና የሚልበት ጊዜ አልነበረውም። ስም ይሰማል፣ ይመታል፣ "ክፍል ሁለት፣ ግቡ" ይላል፤ ስም ይሰማል፣ ይመታል፣ "የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ" ይላል።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ኢኽላስ ሰልፉን ጥሳ ደረሰች። ነጠላዋ ደም ነክቶታል፤ የሷ ግን አይደለም።

"አባባ! መድፉ ጨው ተራ ላይ ወደቀ በድሩ! ጫማውን አገኘሁት፣ እሱን አላገኘሁትም። ባጃጅ ወሰደው አሉኝ። የት እንደወሰደው የሚያውቅ የለም!"

በድሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዴም ያልጻፈውን ስም ጻፈ፤ አብዱልወዱድ። ገጹ "አልተገኘም" አለ። በሽር ብሎ ጨመረበት። "አልተገኘም"።

"የለም" አለ።

"እስቲ ገብተን በዓይናችን እንይ!"

"ኢኽላስ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። የለም ካለ የለም ነው! እዚህ ስንቆም ሌላ ቦታ ደሙ ይፈሳል!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርም ያው ወረቀት ነው፣ ሞኙ ደግሞ ባለቤቱ ነበር። እሷን ወደ መስጊዱ፣ ከዚያም ወደ ዓይናለም ላካት፤ በዚያ በኩል ቁስለኛ የወሰዱ ነበሩ። እሱ ወንበሩን ለአንድ ዘበኛ ለቀቀና የዘበኛውን ብስክሌት ወስዶ ወደ ቁሓ ሐኪም ቤት ተፈተለከ። የሰው ዘመድ ሲያገኝ ውሎ የራሱ ጠፋበት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

የቁሓ መንገድ ዳገት ነው። ከኋላው መድፉ ያጓራል። አጋማሹ ላይ የአንድ መጋዘን በር ተሰብሮ ሰዎች ዱቄትና ቆርቆሮ ይዘርፉ ነበር። አንዱ ብስክሌቱን አየ። "አምጣ!" አለ። በድሩ ሳይቆም ሊያልፍ ሲል በብረት ዘንግ ትከሻውን ገመሰው። ከነብስክሌቱ ተንከባለለ። ተነሣና ያገኘውን ሰው መታ፤ የአንዱ መንጋጋ ሲሰበር በጣቶቹ ተሰማው፤ ሌላው ከኋላ ራሱን አለው። ሦስት ሆነው በእርግጫ ደበደቡት፤ ደሙ ዓይኑን ጋረደው። "አባቴን ነው የምፈልገው! አባቴን ነው እባካችሁ!" እያለ ሲጮህ አንደኛው ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። የቀረውን መንገድ በእግሩ፣ አንድ ክንዱን እንደ ሕፃን አቅፎ ሮጠው።

ቁሓ ሲደርስ ቁስለኛው ወለል ላይ ተደርድሯል። የሁሉንም ፊት አየ። ከዚያ ጓሮ ገባ፤ ሬሳ በሸራ ተሸፍኗል። አሥራ አራት ሸራ ገለጠ። በእያንዳንዱ ላይ ጎንበስ ሲል "አፉ በሉኝ አባባ፣ እርስዎ አይሁኑ፣ አፉ በሉኝ" ይላል። አሥራ አራቱም የሌላ ሰው አባት፣ የሌላ ሰው ልጅ ነበሩ። አልሐምዱሊላህ አለና ወዲያው አፈረ፤ በሬሳ ላይ አልሐምዱሊላህ!

ሲመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። መድፉ ቆሟል። ኢኽላስ ቀድማው በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ መስጊድም፣ ዓይናለምም አላገኘቻቸውም። ወንበሩን የለቀቀለት ዘበኛ ሄዷል፤ በድሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ምናልባት ስሙ ያልታወቀ ሰው ተብሎ ተጽፎ ይሆናል ብሎ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጁ ይገለብጥ ጀመር። ሀን አለፈ። ለን አለፈ። አ ላይ ሲደርስ አንድ በአንድ አነበበ፤ የሉም። ከ። ወ። ከዚያ ዐ መጣ።

ዓብዱልወዱድ በሽር። 60 ዓመት። ግራ እግር። ክፍል ሦስት። 4፡40።

ሰዓቱም እንዲጻፍ ያደረገው ራሱ ነበር። ኢኽላስ እየሮጠች ከመጣችበት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ማለት ነው። ከዚህ ወንበር እስከ ክፍል ሦስት ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

ሁለቱም ሮጡ። ክፍል ሦስት ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ አንሶላው እስከ ራስ ድረስ ተስቧል። ከታች በኩል በፋሻ የተጠቀለለ አንድ እግር ወጥቶ ይታያል። ኢኽላስ አንሶላውን ገለጠች፤ ጮኸች፤ ደረታቸው ላይ ወደቀች። በድሩ ቆሞ ቀረ። የአባቱ አፍ ትንሽ ተከፍቷል፤ የጎደለው ጥርስ ቦታ ይታያል።

ሲስተር ለተኪዳን ገባች። ልብሷ በደም ደርቆ ተገትሯል። በድሩን አየችው፣ አልጋውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ዋይ! ምነው አሁን መጣህ ሓወይ፣ ወንድሜ?"

"ስማቸውን ማን ነው እንዲህ የጻፈው?" አለ በድሩ።

"እኔ ነኝ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። 'ዓ' ብለው፣ ከጉሮሯቸው። ልክ እንደኛ።"

ሃያ ሰባት ዓመት! ጨው የተሸከሙበት አገር ጉሮሯቸውን የራሱ አድርጎት ኖሯል፤ ልጃቸው ግን አላወቀም። ከአባቱ ጋር ከተነጋገረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ከየት ይወቀው?

"ስንት ሰዓት ነው ያረፉት?" አለች ኢኽላስ ራሷን ሳታነሣ።

"ስምንት ሰዓት። እግሩ ይቆረጥ ብንል እምቢ አሉ። 'ልጄ ይምጣና እሱ ይወስን፣ በሩ ላይ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጄ ነው፣ ስገባ አይቼዋለሁ' አሉን። ሰው ላክን። ወጥቷል ተባልን። ላክን፣ አሁንም የለም። ደሙ ግን አልጠበቀንም።"

ኢኽላስ ብድግ አለች። የነርሷን ሁለት እጅ ያዘች።

"ሌላስ? ሲስተር፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሌላ ምን አለ? ስለ ልጁ ምን አለ?"

"ምንም። በመጨረሻ ብቻ አፉ፣ አፉ ይሉ ነበር። አፋቸው ደርቆ ነው፣ ውሃ ፈልገው ነው ብዬ በጥጥ አራስኩላቸው። ደግመው አፉ አሉ። ደግሜ አራስኩላቸው።" ለተኪዳን ግራ ገብቷት አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። "ምነው? አጠፋሁ እንዴ?"

አፉ በሉኝ ይሁን፣ አፉ ብዬዋለሁ ይሁን፣ የሚነግረው የለም። በድሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ኢኽላስ ሄዳ ከላዩ ቆመች። በጥፊ መታችው። ደገመችው። በሁለት እጇ ደረቱን፣ የተሰበረ ትከሻውን ሳይቀር ወቃችው፤ ለመከላከል እጁን አላነሣም።

"አንተን ነው! አንተን እኮ ነው የጠራው! ስምንት ሰዓት ድረስ ጠበቀህ! የት ነበርክ? ንገረኝ፣ የት ነበርክ?"

"ቁሓ" አላት። "ስፈልገው ነበር።"